የማን ዱካ ነው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ዱካ ስለማንበብ ጥቂት ከጻፍኩ ወዲህ የመጣው ደብዳቤና ፎቶ እጅግ ደስ አሰኝቶኛል። አብዛኞቻችሁ የላካችሁት አንድ አሻራ ብቻ የሚታይበት ፎቶ ነው፤ ጥያቄውም «የማን ነው?» የሚል። ለሁሉም በየግል መመለስ ስለማልችል፣ የአንዱ መልስ ለሌላውም ይበጃል ያልኳቸውን መርጬ አቅርቤያለሁ።

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ዝናብ ባባራ ማግስት፣ ማለዳ ላይ፣ በማሳዬ ዳር ጭቃ ላይ ያገኘሁትን ዱካ ሁለት ፎቶ አንስቼ ልኬልዎታለሁ። ጎረቤቶቼ ነብር ነው ብለው ከብቶቻቸውን በጊዜ ማስገባት ጀምረዋል። እኔ ግን ጥፍሩ ቁልጭ ብሎ ስለሚታይ የትልቅ ውሻ ነው ባይ ነኝ። ማናችን ነን ትክክል?» (አንድ አርሶ አደር)

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። በማሳዎ ዳር ያለፈው ጅብ ነው። ጎረቤቶችዎ ከብቱን በጊዜ ማስገባታቸው ግን ደግ ነው፤ አይተዉት።

ጥፍሩን አይተው ነብርን መጠራጠርዎ ተገቢ ነበር። ነብር፣ አንበሳ፣ አነርና የቤት ድመት ሲራመዱ ጥፍራቸውን ወደ ውስጥ ስለሚሰበስቡ ዱካቸው ላይ አይወጣም። ከድመት ዘር ሲራመድ ጥፍሩን የሚያሳየው አቦሸማኔ ነው፤ የእሱ ጥፍር ሙሉ በሙሉ አይሰበሰብም። ሌሎቹም ቢሆኑ ጭቃ ሲያዳልጣቸው ወይም ለመዝለል ሲነሱ መሬቱን ይቧጥጣሉ። ስለዚህ ጥፍር ታየ ብሎ ብቻ መፍረድ አይቻልም።

እኔ ሁልጊዜ የምጀምረው ከመዳፉ ነው፤ ከጣቶቹ ኋላ ያለውን ሰፊ ክፍል ማለቴ ነው። የጥፍር ምልክት በቀላሉ ይጠፋል፣ ጣትም በጭቃ ይደፈናል፣ መዳፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። የድመት ዘር መዳፍ ከጣቶቹ ጋር ሲተያይ ትልቅ ነው፤ የኋላ ጠርዙ ላይም ሦስት ጎበጥ ጎበጥ ያሉ ክፍሎች ይታያሉ። አራቱ ጣቶች እኩል አይቆሙም፤ ከመሃከለኞቹ አንዷ ቀደም ትላለች። የቀደመችው ጣት ከመሃል ወደ ግራ ካዘነበለች እግሩ ቀኝ ነው፣ ወደ ቀኝ ካዘነበለች ደግሞ ግራ። የውሻ መዳፍ አነስ ያለ ሦስት ማዕዘን ነው፣ ግራና ቀኙም ይመሳሰላል። ጥርት ባለ የውሻ ዱካ ላይ ሁለት ስንጥር አቋርጠው ቢያጋድሙ በጣቶቹና በመዳፉ መሃል ባለው ክፍተት ሾልከው ያልፋሉ፣ መዳፉን አይነኩትም። በድመት ዱካ ላይ ይህን ቢሞክሩ ስንጥሮቹ መዳፉ ላይ ይወጣሉ።

አሁን የራስዎን ፎቶ እንደገና ይመልከቱት። የመዳፉ የኋላ ጠርዝ ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል፤ ውሻ እንዲህ ያለ መዳፍ የለውም። ጣቶቹ ወፍራምና እርስ በርስ የተጣበቁ፣ ጥፍሮቹም አጠር ያሉና ደነዝ ናቸው። ያስቀመጡት ማስመሪያ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያሳያል። ይህ ሁሉ ሆኖም በአንድ ፎቶ ብቻ አፌን ሞልቼ አልናገርም ነበር። ነገሩን የጨረሰልኝ ሁለተኛው ፎቶ ነው፤ በእሱ ላይ ከፊተኛው ኋላ ያረፈው አሻራ በግልጽ ያንሳል። የጅብ ከባድ ጭንቅላት፣ ወፍራም አንገትና ሰፊ ትከሻ የሚያርፈው በፊት እግሮቹ ላይ ስለሆነ የፊት መዳፉ ከኋላው ይበልጣል። በብዙ ባለ አራት እግር እንስሳ ላይ ይህ አለ፤ በጅብ ላይ ግን ዓይን ያወጣ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ እላለሁ። የሥጋ በል አውሬ ትኩስ ዱካ ሲያገኙ ወደ ሄደበት አይከተሉ፤ ወደመጣበት ይከተሉ። እንስሳው የረገጠበት፣ የቆመበት፣ ያሸተተበት ሁሉ እዚያው ኋላ ላይ ተጽፎ ይገኛል፣ እርስዎም በሰላም ይመለሳሉ።

ጥያቄ፦ «የፍየል ኮቴንና የሚዳቋን እንዴት ልለይ?» (በስልክ መልእክት የመጣ)

መልስ፦ ሁለቱም ሁለት ሰኮና ያላቸው ናቸውና ግራ ቢያጋቡ አይደንቅም። የሚዳቋ ኮቴ ትንሽ ነው፣ ጫፉም ሹል፤ የፍየል ጫፉ ደነዝ ያለ ሲሆን ሁለቱ ሰኮናዎች ከፊት ከፈት ይላሉ። ግን ከቅርጹ ይልቅ አካሄዱን ይዩ። ፍየል በመንጋ ትሄዳለች፣ ዱካዋ በሌሎች ዱካ ይረገጣል፣ የእረኛ እግርም አብሮ ይገኛል። ሚዳቋ ብዙውን ጊዜ ለብቻዋ ወይም ከአንድ ጓደኛ ጋር ናት፤ ከቁጥቋጦ ወደ ቁጥቋጦ ጥግ ጥጉን ትሄዳለች። የሰኮናው ሹል ጫፍ ሁልጊዜ ወደ ሄደበት ያመለክታል። ሰኮናዎቹ በጣም ተበርግደው አፈሩ ወደ ኋላ ተፈናጥሮ ካዩ እንስሳው እየሮጠ ነበር።

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ እኔ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር ስንሄድ እንደ ኖራ የነጣ ደረቅ ነገር ተከምሮ አገኘን። አንዱ ጓደኛዬ ድንጋይ ነው አለ። በእንጨት ስንሰብረው ውስጡ ፀጉር አለው። ምንድን ነው? ለሳይንስ ክበባችን ብንሰበስበውስ?» (አንድ ተማሪ)

መልስ፦ ጎበዝ፣ በእጅህ ሳይሆን በእንጨት መስበርህ ከሁሉ በላይ አስደስቶኛል። ያገኛችሁት የጅብ ዓይነ ምድር ነው። ጅብ ሌሎች አዳኞች ትተውት የሚሄዱትን አጥንት ሰባብሮ ይበላል፤ ሆዱም ያንን አጥንት ይፈጨዋል። የአጥንቱ ካልሲየም ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። ትኩስ ሳለ ወደ አረንጓዴ ያደላል፣ ፀሐይ ሲመታው ይነጣል። ተከምሮ ማግኘታችሁም በአጋጣሚ አይደለም፤ ጅቦች ደጋግመው የሚጸዳዱባቸው ቦታዎች አሏቸው፣ በዚያም ለሌሎች ጅቦች «ይህ ክልል ባለቤት አለው» የሚል መልእክት ይተዋሉ።

መሰብሰቡን ግን እከለክልሃለሁ። የውሻ፣ የቀበሮና የሌሎች ሥጋ በል እንስሳት ዓይነ ምድር በዓይን የማይታይ የትል እንቁላል ሊይዝ ይችላል። ከእነዚህ ትሎች አንዱ ወደ ሰው ከገባ በጉበትና በሳንባ ላይ ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ያበጃል፤ ሕመሙም ከዓመታት በኋላ ነው ብቅ የሚለው። ስለዚህ አትንካ፣ አፍንጫህንም አታስጠጋ፣ ደረቁን አድቅቀህ አቧራውን አታንሳ። በረዥም እንጨት ገለጥ አድርገህ እይ፣ ለካ፣ ሳል፣ እንጨቱን እዚያው ጣል፣ እጅህን በሳሙና ታጠብ። ለክበባችሁ ሥዕልና ፎቶ ከነመለኪያው ይበቃል።

ይህ ጥያቄ የልቤን ስለነካው ጥቂት ልጨምርልህ። ሰው ዱካ ሲል እግር ብቻ ይመስለዋል፤ እኔ ግን እግር ማን እንዳለፈ ይነግረኛል፣ ዓይነ ምድር ደግሞ ያ ያለፈው ምን በልቶ እንዳደረ። የዝሆንን ፋንድያ ብትገልጠው ሳርና ቅርፊት ሳይፈጭ ታገኘዋለህ፤ ዝሆን ከሚበላው ከግማሽ በላዩን ሳይፈጨው ነው የሚያወጣው። ጥቁር አውራሪስ ቅርንጫፍ የሚበላ ስለሆነ በፋንድያው ውስጥ ያሉት እንጨቶች በሰያፍ የተቆረጡ ናቸው፤ ነጭ አውራሪስ ሳር ስለሚበላ እነዚያን አታገኝበትም። ጉማሬ እየተጸዳዳ በጅራቱ ስለሚበትነው በቁጥቋጦው ላይ ተረጭቶ ታየዋለህ። ጥርኝ እንደ ጅብ በተወሰነ ቦታ የመጸዳዳት ልማድ አለው፤ ሌላው እንስሳ የሚሸሸውን ባለ ብዙ እግር ትል ስለሚበላ በዓይነ ምድሩ ውስጥ የትሉ ቅርፊት ቀለበት ቀለበት ሆኖ ይገኛል። ከዛፍ ሥር ወይም ከገደል ጥግ ደግሞ ግራጫ የፀጉር እንክብል ካየህ ዓይነ ምድር አይደለም። ጉጉት አይጡን ሙሉውን ውጣ፣ የማይፈጨውን ፀጉርና አጥንት ጠቅልላ በአፏ የምትተፋው ነው። በውስጡ የአይጥ ራስ ቅል ከነጥርሱ ልታገኝ ትችላለህ። እሱንም በእጅህ አትንካ እንጂ ሥዕሉን ብትልክልኝ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ «ዱካው የዛሬ ይሁን የትናንት በምን ይታወቃል? ተማሪዎቼን ይዤ ስወጣ ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ ይህንን ነው።» (አንዲት የባዮሎጂ መምህርት)

መልስ፦ መምህርት፣ ከዱካ ትምህርት ሁሉ ከባዱን ጠየቁኝ። ይህን ከመጻሕፍት አላገኘሁትም። ያስተማሩኝ አብሬያቸው እሠራ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ስካውት (የዱር እንስሳት ጠባቂ) ናቸው፤ ዘዴያቸውንም ለተማሪዎችዎ እንዳለ እሰጣለሁ።

ማለዳ ላይ ባዶ አፈር ይፈልጉ፣ ከተማሪዎቹ አንዱ በእግሩ አሻራ ያኑርበት። ሰዓቱን ይጻፉ። ከዚያ በየጥቂት ሰዓቱ ተመልሳችሁ ያንኑ አሻራ እዩ፤ አጠገቡም አዲስ አሻራ እያኖራችሁ አወዳድሩ። መጀመሪያ ጠርዙ ስለታም ነው፣ ከሥሩ የወጣው አፈር እርጥብና ጠቆር ያለ ነው። ፀሐይ ሲበረታ ቀለሙ ከዙሪያው አፈር ጋር ይመሳሰላል። ከዚያ ጠርዙ ይደርቅና ፍርፋሪው ወደ ውስጥ መውደቅ ይጀምራል። ነፋስ ሲነሳ ቅጠልና አቧራ ይገባበታል። በነጋታው ስትመለሱ ሌሊት የወጡ ነፍሳት ቀጭን መስመራቸውን በአሻራው ላይ አስምረውበት ታገኛላችሁ። ይህቺ መስመር ታላቅ ምስክር ናት፦ ጥንዚዛዋ በአሻራው ላይ አቋርጣ ካለፈች እንስሳው ከእሷ በፊት አልፏል፤ የእሷ መስመር በአሻራው ተደፍጥጦ ከተቋረጠ ደግሞ እንስሳው ከእሷ ወዲህ ነው። ጤዛና ካፊያም እንዲሁ ናቸው። የጠብታ ጉድጓዶች በአሻራው ውስጥም በውጭም ካሉ ከዝናቡ በፊት የተረገጠ ነው፤ በውጭ ኖረው በውስጥ ከሌሉ ከዝናቡ በኋላ ነው።

በሳር ላይ ሲሆን የተጋደመው ሳር ምን ያህል ቀና እንዳለ ይዩ። የተቀነጠሰ ቅጠል ካለ፣ የቁስሉ ጠርዝ አረንጓዴ ነው ወይስ ቡናማ? ያው ዱካ በጥላ ሥር ትኩስ መስሎ በፀሐይ ላይ ያረጀ ስለሚመስል፣ ሁልጊዜ የዚያኑ እንስሳ ዱካ በሁለቱም ቦታ ካዩ በኋላ ይፍረዱ።

ለተማሪዎችዎ አንድ ታሪክ ይንገሯቸው። በታንዛኒያ፣ ላኤቶሊ በሚባል ቦታ፣ ከ3.6 ሚሊዮን ዓመት በፊት እሳተ ገሞራ የተፋው አመድ መሬቱን ሸፈነ፣ ካፊያ አረጠበው፣ እንስሳት ረገጡት፣ ደረቀ፣ ሌላ አመድ ደረበበት። እ.ኤ.አ. በ1976 እዚያ የጥንት ቅሪት ትፈልግ የነበረችውን የሜሪ ሊኪን ቡድን ሊጎበኙ የመጡ ተመራማሪዎች የደረቀ የዝሆን ፋንድያ እየተወራወሩ ሲጫወቱ፣ አንድሩ ሂል የተባለው ለመሸሽ ብሎ መሬት ላይ ወደቀና ዓይኑ የእንስሳቱ ዱካ ላይ አረፈ። በ1978 ደግሞ በሁለት እግር ቆመው የሚሄዱ የጥንት ቀደምቶቻችን ዱካ እዚያው ተገኘ። የዝናቡ ጠብታ ጉድጓዶች እንኳን ድንጋይ ሆነው ተቀምጠዋል። ተማሪዎችዎ በጭቃ ላይ የሚያዩትን ጠብታ የሚያነቡበት መንገድ በላኤቶሊም ያው ነው።

ጥያቄ፦ «በዱካ ብቻ እንስሳት ስንት እንደሆኑ መቁጠር፣ አንዱን ነብር ከሌላው መለየት ይቻላል? እንችላለን የሚሉ ሰዎች አሉ።» (አንድ የዱር እንስሳት ጥበቃ ተማሪ)

መልስ፦ በጥንቃቄ ከሆነ አንዳንዴ ይቻላል፤ «ዓይቼ አውቀዋለሁ» በሚል ብቻ ከሆነ ግን አደገኛ ነው። ሕንድ ውስጥ የሆነውን ልንገርህ። ሳሮጅ ራጅ ቾድሪ የተባሉ የደን ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የታይገርን (ባለ ሸንተረሩን የእስያ ትልቅ ድመት) የእግር አሻራ በመስታወት ላይ እየገለበጡ አንዱን ከአንዱ የመለየት ዘዴ አስተዋወቁ፤ በ1972 አገሪቱ በዚህ ዘዴ ታይገሮቿን ቆጠረች፣ ለአሥርታትም ሠራችበት። ችግሩ አንዱ እግር በአሸዋ ላይና በጭቃ ላይ ሲያርፍ አሻራው ስለሚለያይ፣ የገለበጠውም እጅ ስለሚለያይ አንዱ እንስሳ ሁለት ሆኖ ሊቆጠር መቻሉ ነው። በ2005 በራጃስታን ባለው የሳሪስካ ጥብቅ ክልል አንድም ታይገር እንዳልቀረ ሲረጋገጥ በዘዴው ላይ የነበረው እምነት ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ቆጠራው በካሜራ ሆኗል፤ የታይገር ሸንተረር እንደ ጣት አሻራ የየራሱ ስለሆነ።

ይህን የነገርኩህ ዱካን እንድትንቅ አይደለም። ዞይ ጀወልና ስካይ አሊብሃይ በዚምባብዌ ከጥቁር አውራሪስ ጀምረው ያበጁት ዘዴ አሻራውን በተወሰነ አሠራር ፎቶ አንስቶ በነጥቦች መካከል ያለውን ርቀትና ማዕዘን በኮምፒውተር ያሰላል። ማን እንደሆኑ ከሚታወቁ እንስሳት በተወሰዱ አሻራዎች አስቀድሞ ስለሚፈተን ስህተቱ ይለካል። ደቡብ አፍሪካዊው ሉዊስ ሊበንበርግም ከካላሃሪ በረሃ የሳን ሕዝብ ዱካ አንባቢዎች ጋር ሠርቶ፣ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ባለሙያዎች ያዩትን በሥዕል ምልክት የሚመዘግቡበት መሣሪያ አዘጋጀ፤ የዱካ አንባቢን ችሎታ በሜዳ ላይ የሚመዝን ፈተናም አቋቋመ። እኔ ይህን ፈተና በጣም አከብራለሁ፤ ሰው የእንስሳውን ስም ከጠራ በኋላ «ለምን?» ተብሎ የሚጠየቅበት ነውና። አንተም ለነብርህ ይህንኑ ጥያቄ አቅርብ።

በዱካ ብቻ በቀላሉ ከሚገኙ ልኬቶች አንዱ የዝሆን ቁመት ነው። የፊት እግሩን አሻራ ዙሪያ በገመድ ለካና በሁለት አባዛው፤ እስከ ትከሻው ያለው ቁመት ወደዚያ ይጠጋል። ዙሪያው 1.4 ሜትር ከሆነ ዝሆኑ ወደ 2.8 ሜትር ነው።

ጥያቄ፦ «የምኖርበት አካባቢ ድንጋያማ ነው። ዱካ የሚባል አይታየኝም።» (አንድ አንባቢ)

መልስ፦ መጀመሪያ ሰዓቱን ይቀይሩ። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናት ስትሆን አሻራ ጥላ ስለሌለው ይጠፋል። ማለዳ ወይም ማምሻ ይውጡ፣ ዱካው በእርስዎና በፀሐይ መካከል እንዲሆን አድርገው ዝቅ ብለው ይዩ። ዝናብ አፈር አጥቦ የሚያስቀምጥባቸውን ጉድጓዶችና የውኃ ዳርቻዎችን አይለፏቸው።

ድንጋዩ ራሱም ይናገራል። በገደል ፊት ላይ ከላይ ወደ ታች የወረደ ነጭ ነጠብጣብ ካዩ የሽኮኮ ሽንት የደረቀበት ነው፤ ቤተሰቡ ለረዥም ጊዜ እዚያው ይኖራል ማለት ነው። ሰስ በሰኮናው ጫፍ ብቻ ስለሚቆም አሻራው ሁለት ትናንሽ ነጥብ ይመስላል፤ ከዓይኑ ሥር የሚወጣውን ጥቁር ሙጫ ነገር በእንጨት ጫፍ ላይ ይቀባል፣ ደርቆም እንደ ጥቁር ዶቃ ይቀመጣል። የቆየ አጥንት ላይ ጎን ለጎን የተሰለፉ ሰፋፊ ጭረቶች ካሉ ጃርት ለማዕድኑ ሲል ፍቆት ነው።

ጥያቄ፦ «ልጆቼ ያገኙትን ዱካ ቤት ይዘው መግባት ይፈልጋሉ። በጀሶ ይቀረጻል ሲሉ ሰምቻለሁ። እንዴት?» (የሁለት ልጆች እናት)

መልስ፦ በጣም ቀላል ነው እህቴ። ከመንካታችሁ በፊት ፎቶውን ቀጥ አድርጋችሁ ከላይ አንሱ፣ ማስመሪያም አጠገቡ ይኑር። በአሻራው ውስጥ የወደቀ ቅጠል ካለ ቀስ ብላችሁ ልቀሙ። ከካርቶን የተቆረጠ ቀበቶ በዙሪያው አቁማችሁ አፈር ውስጥ ትንሽ አስገቡት። አንድ እጅ ውኃ በዕቃ አድርጋችሁ ሁለት እጅ ጀሶ እየነሰነሳችሁ አማስሉ፣ መወፈር ሲጀምር ሳትዘገዩ አፍስሱት። በቀጥታ አሻራው ላይ ብታፈሱት ይፈርሳል፤ ከጎኑ አፍስሳችሁ ራሱ እየፈሰሰ ይግባበት። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቆይ፣ በእርጥብ መሬት ላይ ከዚያም በላይ። ስታነሱት የተጣበቀውን አፈር ወዲያው አትፈቅፍቁ፤ ጀሶው ለስላሳ ስለሆነ የጥፍሩ ምልክት አብሮ ይነሳል። አንድ ቀን ካደረ በኋላ በለስላሳ ብሩሽ አጽዱት። ጀርባው ላይ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የመሬቱን ዓይነትና የፊት ይሁን የኋላ እግር በእርሳስ ይጻፉበት። የእንስሳው ስም የሚጻፍበትን መስመር እርግጠኛ እስክትሆኑ ድረስ ባዶውን ተዉት።